የአምስተኛው ፎቅ መልስ

ፉንግ ቾይላን እርጥብ ወለል ካየች ልጇ ተንሸራቶ ሲሰበር ይታያታል። ስለዚህ የመጋቢት እርጥበት በደቡብ ቻይናዋ ጂያንግመን ከተማ ላይ ወርዶ የሆስፒታሉ ግድግዳ ማላብ ሲጀምር፣ የአምስተኛውን ፎቅ ኮሪደር በቀን አራት ጊዜ የምትወለውለው እሷ ሆነች። ጽዳት ሠራተኛዋ መጀመሪያ «ሥራዬን ልትቀሚኝ ነው?» ብላ ተኮሳትራ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን መወልወያውን ራሷ አቀበለቻት።

ዝም ብሎ መቀመጥ ለቾይላን አይሆንላትም። ከተቀመጠች ታስባለች፤ ካሰበች ደግሞ ሐሳቧ የሚሄደው ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ነው። ልጇ ጃንፋይ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው፤ ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ከአፍንጫው ጀርባ ዕጢ ወጥቶበት በጨረር ታከመና ዳነ። «ድኗል» ያሉት ሐኪሞቹ ናቸው፤ እሷ ይህን ቃል አንድም ቀን ተናግራው አታውቅም፣ ዕጢው ሰምቶ እንዳይመለስ ፈርታ። ዕጢውስ አልተመለሰም። ጨረሩ ያለፈበት ጉሮሮ ግን ከዓመት ዓመት እየደረቀ፣ እየገረረ መጣ። ካለፈው መስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜ የሳንባ ምች ጥሎት ነበር። ያ ሁሉ ትከሻ ቀልጦ ሃምሳ አንድ ኪሎ ገብቷል።

ዶክተር ኦው ዓርብ ዕለት እንደሚወስኑ ነግረዋቸዋል። ወይ በአፉ እየበላ ይቀጥላል፣ ወይ ሆዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቶ ምግቡ በቱቦ ይገባለታል።

ቾይላን ቱቦን ታውቀዋለች። ባሏ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ የወደቀ ጊዜ ቱቦ አስገቡለት፤ ፈርሚ አሏት፣ ፈረመች፤ በአርባኛው ቀን ሞተ። የገደለው ደሙ ነው እንጂ ቱቦው አይደለም ያላት ብዙ ሰው ነው። እሷ ዘንድ የቀረው ግን ፊርማዋና አርባው ቀን ነው።

እንዲህ ሆና ሳለች ነው ሰኞ ጠዋት መምህርት ሎ ወረቀት ታቅፋ የመጣችው።

ሎ ሐኪም አይደለችም። ሕመምተኞቹ መምህርት የሚሏት መዋጥን ስለምታስተምር ነው፤ ምላስን እንዴት እንደሚገፉ፣ አገጭን እንዴት ደረት ላይ ጣል አድርገው እንደሚውጡ። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ፊቷን ያየ ግን ገና ደብተር የምትይዝ ልጅ ናት ይላል። ክፍሉ መሃል ቆማ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ አጎቶች፣ አክስቶች» አለች። «ይሄ መጠይቅ ነው። መዋጥ መቸገር የሰውን ኑሮ እንዴት እንደሚያደርገው ይጠይቃል። የተዘጋጀው ውጭ አገር ነው፤ እኛ ወደ ቋንቋችን መልሰነዋል። አሁን የምንፈልገው ለኛ ሰው ይሆን እንደሆነ ማየት ነው። ፈተና አይደለም። ትክክል ወይም ስህተት የሚባል መልስ የለውም። ሃያ ሁለት ጥያቄ አለው፣ ስም አይጻፍበትም፣ ሐሙስ ሰብስቤ እጨርሳለሁ። አንድ በአንድ ወደ ትንሿ ክፍል እጠራችኋለሁ። ቤተሰብ ግን ለግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይልኝ፤ ያለዚያ የምትመልሱት እናንተ ትሆናላችሁ።»

ሰው ሳቀ። ቾይላን አልሳቀችም። የሰማችውን በልቧ ደረደረችው። ሃያ ሁለት ጥያቄ አለ። ብቻህን ገብተህ ትመልሳለህ። ወረቀቱ ሐሙስ ተሰብስቦ ያልቃል፤ ውሳኔው ዓርብ ነው። ይህ ፈተና ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ፈተና አይደለም ማለት ራሱ የፈታኝ ንግግር ነው።

መጀመሪያ የተጠሩት አጎት ቹክ ነበሩ። የስልሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው፤ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ በወጡ በዓመቱ ግማሽ ፊታቸውን ስትሮክ መታው። በሌላው ግማሽ ይቀልዳሉ። ከክፍሉ ሲወጡ ቾይላን በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አጎቴ፣ ምን ጠየቀችዎት?»

«አግብተሃል ወይ አለችኝ። ገና ነኝ አልኳት።»

«ኧረ በሞቴ አይቀልዱ!»

«እሺ፣ እሺ። ‹ስበላ ትን ይለኛል› የሚል አለ። ከሥሩ አራት ምርጫ፤ በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ሁልጊዜ።»

ቾይላን ደረቷን በእጇ መታች። «ሁልጊዜ?»

«እውነት ነዋ! ትላንት በሙዝ ትን አለኝ። በሙዝ!»

«አጎቴ፣ አሁን እኮ ቱቦውን በገዛ እጅዎ አዘዙት። ዓርብ ነው ውሳኔው። ይህን ወረቀት አይተው ካልሆነ በምን ይወስናሉ?»

የአጎት ቹክ ግማሽ ፊት ሳቅ ላይ ነበር፤ ሳቁ እዚያው ደረቀ። ዞር አሉና በሩን አንኳኩተው ተመልሰው ገቡ። ቾይላን ድምፃቸውን ሰማች፤ «መምህርት፣ ያቺን የመጀመሪያዋን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ሌሎቹንም ደሞ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ራሱ ሰው ጠራ። ከክፍሉ የወጣ ሁሉ የፍል ውሃ ማሽኑ ያለበት ጓዳ ውስጥ ይገባል፤ ቾይላን ምግብ የሚታዘዝበትን ቁራጭ ወረቀት ገልብጣ ትጽፋለች። አንዱ ስድስት ጥያቄ ያስታውሳል፣ ሌላዋ አምስት። እስከ ሰኞ አመሻሽ ሃያ ሁለቱም ሞሉ። ቀጥሎ መልስ መምረጥ መጣ፤ እዚህ ላይ ክርክር ነበር።

«‹ምግቤን ለመጨረስ ከሌሎች የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል› ለሚለው አልፎ አልፎ ብንልስ?» አለች ባሏን የምታስታምም አንዲት ሴት። «ሁሉም በፍጹም ከሆነ ያስነቃል።»

«አልፎ አልፎ ካልሽ መቼ መቼ ብላ ትቀጥላለች» አለች ቾይላን። «በር አትክፈቺላት።»

«‹ታንቄ እሞታለሁ ብዬ እፈራለሁ›ስ?»

ማሽኑ ብቻ ይንተከተካል።

«በፍጹም» አለች ቾይላን፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። «በፍጹም አንፈራም።»

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ መምህርቷ ወደሌለችበት የሕመምተኞችና የቤተሰቦች የስልክ ቡድን ላከችው። ሃያ ሁለት ጥያቄ፣ ሃያ ሁለት መልስ። ከሥሩ አሥራ ስድስት ሰው አመሰገናት፤ አንዱ የሚያጨበጭብ እጅ ላከ። ሰኞ መልሰው የነበሩትም እንደ አጎት ቹክ እየገቡ መልሳቸውን ቀየሩ። ቾይላን በሕይወቷ ይህን ያህል ሰው አመስግኗት አያውቅም። ደስታው ግን እግሯን አላሳረፈውም፤ አንዱ ጥያቄ ጎድሎ ቢሆንስ፣ ሃያ ሦስተኛ ቢኖርስ እያለች ኮሪደሩን እንደገና ወለወለች።

የጃንፋይ ተራ ሐሙስ ነው። ረቡዕ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታለማምደው ጀመር።

«ስበላ ትን ይለኛል።»

«በፍጹም።»

«ከሰው ጋር ገበታ መቅረብ እሸሻለሁ።»

ጃንፋይ ጣራውን ያይ ነበር። «…በፍጹም።»

«ፈጠን በል። ቆም ስትል እውነት የምትደብቅ ትመስላለህ።»

«እማ፣ እውነት እኮ ነው የምደብቀው።»

«ድምፅህን ቀንስ!» ወደ በሩ ዞራ አየች። «ዓርብ ይለፍ እንጂ ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን እውነት ትናገራለህ። እኔ እንደሆን አልከለክልህም።»

«አባትን አስበሽ ነው አይደል?»

«ስለ አባትህ ማን ምን አለ? ቀጥል። ምግቤን ለመጨረስ ከሌሎች…»

«በፍጹም፣ በፍጹም፣ በፍጹም። እስከ ሃያ ሁለት በፍጹም። ገባኝ።»

ልምምዱ ሲያልቅ ከቤት ያመጣችውን ፔርሙስ ከፈተች። የአሳማ ሳንባ ሾርባ ነበር፣ በቀስታ ሦስት ሰዓት የተንተከተከ፣ እንደ ውሃ ጠርቶ የወረደ። ሳንባው ለደከመ ሰው የሳንባ ሾርባ ነው የሚሠራለት፤ እናቷ ለአባቷ ስትሠራ አይታለች፤ ጃንፋይ የመጀመሪያው ምች ከያዘው ጊዜ ጀምሮ ጠዋትና ከሰዓት ታመጣለታለች። ሩዙን ሲተው፣ ዓሣውን በቾፕስቲክ ሲያገላብጠው ትቆጣለች፤ ሾርባውን ግን አንድም ቀን ትቶላት አያውቅም። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጠብታው ይጠጣዋል። ይህን ስታይ ብቻ ነው በቀን ውስጥ ትከሻዋ ትንሽ ዝቅ የሚለው።

«ይጣፍጣል» አለ ጃንፋይ፤ ድምፁ ትንሽ ረጥቦ ነበር። ሳህኑን ሰጣትና ተነሣ። «እግሬን ላፍታታ።»

«ወዴት?»

«ደረጃ ላይ ወጣ ወረድ ልበል።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል፤ ልብሱ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል። ቾይላን ሽታው ገና በር ላይ ሳለ ነው የደረሳት።

«ደግሞ ጀመርክ! በዚህ ጉሮሮ! እኔን ቅበረኝና አጭስ!»

«አንዲት ብቻ ናት፣ እማ።»

«ዕጢውም አንድ ብቻ ነበር!»

ጃንፋይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እሷ የወዛውን ግድግዳ በፎጣ እየጠረገች ስለ ሲጋራ፣ ስለ ዕጢ፣ ስለ ሃያ ሦስተኛው ጥያቄ አሰበች። የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ ብቻ ነበር የማታውቀው።

ሐሙስ ጠዋት መምህርት ሎ ስትገባ ወረቀቶቹ ክንዷ ሥር ነበሩ። አልተቆጣችም፤ ቾይላንን ያስፈራትም ይኸው ነው። ቀጥ ብላ ወደ እማማ ሁንግ አልጋ ሄደች። እማማ ሁንግ የሰማንያ አንድ ዓመት አሮጊት ናቸው። ካለፈው መኸር ጀምሮ የሩዝ ፍሬ ከንፈራቸውን ነክቶ አያውቅም፤ ቀጭን ቱቦ ከአፍንጫቸው ወጥቶ ጉንጫቸው ላይ በፕላስተር ተለጥፏል።

«እማማ፣ ይሄ የእርስዎ ወረቀት ነው። ‹ምግቤን ለመጨረስ ከሌሎች የበለጠ ጊዜ ይወስድብኛል› ለሚለው በፍጹም ብለዋል።»

«አዎ።»

«‹ትን ይለኛል›ም በፍጹም።»

«አዎ።»

«‹የመብላት ደስታዬ ጠፍቷል›ም በፍጹም።»

እማማ ሁንግ ቱቧቸውን በጣታቸው አስተካከሉ። «ልክ አይደለም እንዴ?» አሉና በአገጫቸው ወደ ቾይላን ጠቆሙ። «እሷ የላከችው እንዲህ ይላል።»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። አጎት ቹክ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ።

«እትዬ ቾይላን» አለች መምህርት ሎ። «አሥራ አንድ ወረቀት ሰብስቤያለሁ። አሥራ አንዱም አንድ ነው። መዋጥ የተቸገሩ ሰዎች በሚተኙበት ፎቅ ላይ መዋጥ የተቸገረ አንድም ሰው አላገኘሁም።»

ከአንደኛው ጥግ ሳቅ ፈነዳ፤ ተከትሎ ሳል። የቾይላን ጆሮ ጋለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ቆማ። «ልጄ ላይ አይያዙበት፣ መምህርት። ዓርብ ለሚወሰነው…»

«ይህ ወረቀት ዶክተር ኦው ጋ አይሄድም። ስም እንኳ የለበትም፤ ቁጥር ብቻ ነው። ሰኞ ተናግሬ ነበር፤ ምናልባት በደንብ አልተናገርኩም።» መምህርቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ እንደ ደከመው ሰው። «ያዘጋጁት ሰዎች እያንዳንዱ ሰው የራሱ ሳህን ፊቱ ቀርቦለት ሲበላ ነው የሚታያቸው። እኛ ወጡን መሃል አድርገን ከአንድ ሳህን ነው የምናነሣው፤ ሽማግሌው ካልጀመረ ማንም አይጀምርም። የኛን ሰው ምን እንደሚያስጨንቀው ወረቀቱ አያውቅም። ስህተቱን እንድታሳዩኝ ነበር የመጣሁት። እናንተ ደግሞ መቶ ከመቶ አምጥታችሁ ቁጭ አላችሁ።»

«መቶ ከመቶ ሳመጣ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ አጎት ቹክ ከብርድ ልብሱ ሥር።

መምህርት ሎ ሳታስበው ፈገግ አለች። ከዚያ ተነሣችና ጃንፋይን ጠራችው።

የትንሿ ክፍል በር በእርጥበቱ አብጦ አይገጥምም፤ ሁልጊዜ የአንድ ጣት ያህል ክፍተት ይቀራል። ቾይላን መወልወያውን ይዛ እበሩ አጠገብ ቆመች። ልታዳምጥ አልነበረም፤ ወይም ለራሷ ያለችው እንዲያ ነው። እግሯ ግን ከዚያ አልነቀል አላት።

«‹ስበላ ትን ይለኛል›» አለች መምህርቷ።

«በፍጹም።»

«ይህን ስትመልስ ምን ትዝ አለህ? የትኛው ምግብ፣ የት ቦታ፣ ማን አጠገብህ ነበረ?»

ቾይላን ከውጭ ሆና በልቧ መልስ ፈለገች፤ ቁራጯ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልተጻፈም። ከዚያ ጃንፋይ ሲስቅ ሰማችው፤ ከሰማችው ብዙ ወር የሆነውን ሳቁን።

«ይሄ በእናቴ ወረቀት ላይ የለም» አለ።

«እሱ እንኳ ባይኖር ደስ ይለኛል።»

«ውጭ ነች?»

«ለቤተሰብ ውጭ ቆዩ ብያለሁ።»

ጃንፋይ ጉሮሮውን ጠራረገ። ድምፁ ዝቅ አለ፤ ቾይላን ትንፋሿን ይዛ ነው የሰማችው።

«ትላንት ሾርባ ጠጣሁ። በየቀኑ ሁለቴ ነው የምጠጣው። ሩዙን ማላመጥ እችላለሁ፣ ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ። ሾርባው ግን ቀጭን ነው፤ መውረዱን ሳላውቅ ወርዶ ሌላ ቦታ ይገባል። እሷ ፊት አልስልም። ይዤው፣ ሳህኑን መልሼ፣ ይጣፍጣል ብዬ እወጣለሁ። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ መሃል መስኮት አለ። እዚያ ሄጄ እስላለሁ። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት፣ አንዳንዴ የበለጠ።»

«እናትህ አያውቁም?»

«ሲጋራ የማጨስ ነው የሚመስላት። እየለኮስኩ መስኮቱ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አላጨሰውም። ሽታው እንዲይዘኝ ነው።»

«ለምን?»

«ሲጋራ ከሆነ ትቆጣኛለች። መቆጣት ትችልበታለች፤ ሲቆጡ ውለው ማደር ለእናቴ ምንም አይደለም። ሾርባዋ እንደሆነ ካወቀች ግን እሱን አትችለውም። እኔም እሷ ስታውቅ ማየት አልችልም።»

እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሮጥ ይሰማል።

«መምህርት፣ ወረቀትሽ ‹ቤተሰቤ በመብላቴ ይሰላቻል ወይ› ይላል። የኛ ቤተሰብ አይሰለችም። ‹ቤተሰቤ እንዳይሰማ የት ሄጄ እስላለሁ› ብለሽ ጠይቂ። ከዚህ ፎቅ ማንም በፍጹም አይልሽም። አጎት ቹክ ሽንት ቤት ውስጥ ውሃ ከፍተው ነው የሚስሉት።»

ቾይላን መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው፤ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ወደ ደረጃው ሄደች። ከመስከረም ጀምሮ ያልፈራችው ነገር አልነበረም፤ የአሳንሰሩን አቧራ፣ የጎረቤትን ጉንፋን፣ የመስኮት ንፋስ፣ በቴሌቪዥን የምታየውን አዲስ በሽታ ሁሉ። ድስቷ ግን አንድም ቀን ከነዚህ ጋር ተሰልፎ አያውቅም። የመጀመሪያው ምች ሲይዘው ሾርባ ጀመረች። ሁለተኛው ሲይዘው ጨመረችለት።

መስኮቱ ላይ የቆርቆሮ ክዳን ተቀምጧል። ክዳኑ ውስጥ ሲጋራዎች ተደርድረዋል፤ አፍ ያልነካቸው፣ ተቃጥለው አመዳቸው እንዳለ ቀጥ ብሎ የቀረ። ቾይላን አንዱን በጣቷ ነካ ስታደርገው ፈረሰ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያው ተነሣች፣ ሁለት ደረጃ ወረደች፣ ሦስት ወጣች። ማልቀስ ፈልጋ አልመጣላትም። ምንም አልሰማሁም ብላ መኖር እንደምትችል ታያት። ሾርባውን በሰበብ ማስቀረት፣ ገበያው ውስጥ ሳንባ ጠፋ ማለት። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠጣላታል፣ ሌላ መስኮት ይፈልጋል። እንዲህ ሲደባበቁ ሦስተኛው ምች ይመጣል። ሦስተኛውን ደግሞ አይችለውም። ይህን ዶክተር ሳይነግራት ታውቀዋለች።

ስትመለስ ጃንፋይ አልጋው ላይ ነበር፤ አጎት ቹክ ደግሞ አልጋቸው ላይ ሆነው ጆሯቸውን አቁመዋል። ሰው ቢሰማም ይስማ አለች በልቧ።

«በሩ አይገጥምም» አለችው።

ጃንፋይ ፊቱ ተለዋወጠ። «እማ…»

«ሰምቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሾርባ የለም። ሳል ከመጣብህ እዚሁ ሳል። እፊቴ።»

«እንዲህ ትሆኛለሽ ብዬ ነው እኮ።»

«ምን ሆንኩ? ቆሜያለሁ አይደል?» ድምጿ ተሰበረ፤ ስለዚህ ጮኸች። «ደግሞ ደረጃው ላይ ብርድ ነው! ሩብ ሰዓት ሙሉ፣ በላብህ!»

«ይኸው ተቆጣች» አሉ አጎት ቹክ። «ልጁ ያውቃታል።»

«እርስዎም ሽንት ቤት ውሃውን ይዝጉ!»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ለቤተሰቦቹ ቡድን ጻፈች። ሦስት ጊዜ ጽፋ ሦስት ጊዜ አጠፋችው፤ በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከች፦ «የላክሁት መልስ ሁሉ ስህተት ነው። መምህርት ሎ ነገ በአዲስ ወረቀት ትጀምራለች። ትክክለኛውን መልስ እኔም አላውቀውም።» ከዚያ የአጎት ቹክ የድምፅ መልእክት መጣ፦ «ታዲያ ትክክለኛውን ማነው የሚልክልን?»

መምህርት ሎ መጠይቁን ለዶክተር አላሳየችም፤ ጃንፋይን ግን ራሱ ሄዶ ስለ ሾርባው እንዲነግራቸው ለመነችው፣ ነገራቸውም። ዓርብ ጠዋት እየዋጠ በራጅ እንዲታይ ታዘዘ። ቾይላን ከመስተዋቱ ጀርባ ቆማ አየች። ነጭ ዱቄት የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ ሰጡት። ነጩ ውሃ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ሆኖ ከአፉ ወረደ፤ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ መንታ ሆነ። አንዱ በሰፊው ወደ ሆዱ ሄደ። ሌላው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ሳንባው ገባ። ጃንፋይ በዚያች ሰከንድ አልሳለም እንኳ። መምህርት ሎ ልታሳያት ጣቷን አንሥታ ነበር፤ የቾይላንን ፊት አይታ ጣቷን መለሰችው።

እናትና ልጅ ከመምህርት ሎ ጋር ዶክተር ኦው ቢሮ ገቡ። ዶክተሩ ሁለት ገጽ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥተው፣ እንደ ልማዱ፣ ወደ እናትየው ገፉት።

«እትዬ፣ ለቱቦው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱ ያው ወረቀት ነበር። ባሏ የተኛ ጊዜም የሚፈረምበት ከታች በቀኝ በኩል ነበር። ቾይላን እስክሪብቶውን አነሣች። ጣቷ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም ወደ ልጇ ገፋችው።

«እሱ ያንብበው። ሆዱ የሱ ነው።»

ዶክተር ኦው ቅንድባቸውን አነሡ። ጃንፋይ አነበበ። ቀስ ብሎ ነበር የሚያነበው፤ ሁለተኛውን ገጽ ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። ቾይላን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ዓይኗ እጁን እንዳይመራው። «ፈርም» እና «አትፈርም» እኩል አፏ ላይ ደርሰው አንዱ ሌላውን አላሳልፍ አለ።

«ከገባ በኋላ ይወጣል?» አለ ጃንፋይ።

«መዋጥህ ከተስተካከለ ይወጣል። ይስተካከላል ብዬ ቃል አልገባልህም። ከመምህርት ሎ ጋር በየቀኑ ትሠራለህ።»

«በአፌስ? ምንም አልቀምስም?»

«ወፈር ያለ ነገር፣ በትንሽ ማንኪያ፣ እሷ ባለችበት።»

ጃንፋይ ፈገግ ሊል አስቦ ምራቁ ሄደበት። ሳል ያዘው። መጀመሪያ እንደ ልማዱ ከንፈሩን ገጥሞ ሊይዘው ሞከረ፣ ትከሻው ዘለለ፣ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። ከዚያ እናቱን አየና ለቀቀው። ሳለ። ከሆዱ ድረስ፣ የአንገቱ ሥር እየቆመ፣ እንባው እየወረደ ሳለ። ቾይላን ሲስል እንዲህ እንደሚሆን አታውቅም ነበር። ልትነሣ፣ ጀርባውን ልትመታው፣ ሰው ልትጠራ ፈለገች፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ተቀመጠች። እስኪጨርስ አየችው። ፊቷን አላዞረችም።

ሲያበቃ አፉን በእጅጌው ጠረገ፣ እስክሪብቶውን አነሣ፣ ፈረመ።

«እንግዲህ ሰኞ ጠዋት እናስገባለን» አሉ ዶክተር ኦው ወረቀቱን እያጠፉ። «ጥያቄ አላችሁ?»

«አለኝ» አለች ቾይላን። «በዚህ ሥራ ስንት ሰው ሞቶብዎታል?»

«እማ!»

«ዘንድሮ አንድም ሰው አልሞተብኝም፣ እትዬ።»

«ዘንድሮ እኮ የገባው በጥር ነው» አለች። «አምናስ?»